ስዊቸር ሎኮሞቲቮች፦ ለባልቲሞር ወደብ ሞዴል የትኛው ይስማማል? እውነተኞቹስ ጉልበታቸውን ከየት ያመጣሉ?

የሐዲድ ዳር (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦

የተከበራችሁ የባቡር ወዳጆች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

አገር አቋርጠው ረጅም ባቡር ከሚጎትቱት ግዙፍ ሎኮሞቲቮች ይልቅ፣ በጣቢያና በወደብ ግቢ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እያሉ ፉርጎ የሚለዩት፣ የሚቀጥሉትና የሚያሰልፉት ስዊቸሮች ከሁሉም በላይ ይስቡኛል። ባቡሩ ከተማ ለቆ ሲወጣ የሁሉም ዓይን ከፊት ባለው ትልቅ ሎኮሞቲቭ ላይ ያርፋል፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ፉርጎ ከየመጋዘኑ ሰብስቦ በተራው ያሰለፈው፣ ባቡሩ ከደረሰ በኋላም በትኖ ለየባለዕቃው የሚያደርሰው ስዊቸሩ ነው። ይህን ሥራ በቅርብ ቆሞ ላየ ሰው፣ ሙያው ከባድና ጥንቃቄ የሚጠይቅ መሆኑ ግልጽ ነው።

እዚሁ አቅራቢያችን፣ በባልቲሞር ከተማ በሚገኘው የቢ ኤንድ ኦ (የባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር ኩባንያ) የባቡር ሙዚየም፣ የኒው ጀርሲ ሴንትራል ባቡር ኩባንያ ንብረት የነበረው ቁጥር 1000 ይታያል። አልኮ (የአሜሪካ ሎኮሞቲቭ ኩባንያ)፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክና ኢንገርሶል ራንድ በጋራ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1925 ያስረከቡት ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉትን ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር እጽፋለሁ)፣ በአሜሪካ ለገበያ ቀርቦ ውጤታማ የሆነ የመጀመሪያው የዲዝል ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ እርሱ ነው። ክብደቱ 60 የአሜሪካ ቶን፣ አቅሙ ደግሞ 300 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። ይህን ያህል አቅም ያለው የቤት መኪና ዛሬ በየመንገዱ እናያለን። ሆኖም ቁጥር 1000 እስከ 1957 ድረስ በኒው ዮርክ ብሮንክስ፣ በጀልባ ተጭነው የሚመጡ ፉርጎዎችን ሲያሰልፍ ኖሯል። የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በዚህ አነስተኛ የፈረስ ጉልበት እነዚያን ሁሉ የተጫኑ ፉርጎዎች ማንቀሳቀስ እንዴት ቻለ?

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ሞዴል ነው። ቤቴ ውስጥ 2 ሜትር ርዝመትና 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደርደሪያ አዘጋጅቻለሁ። በኤችኦ መጠን፣ ማለትም በ1 ለ 87፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የነበረውን የባልቲሞር ወደብ አካባቢ በሚመስል መልክ ልሠራው አስቤአለሁ። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ባለ 44 ቶን፣ የአልኮ ኤስ-2 እና ከኢኤምዲ (የጄኔራል ሞተርስ የሎኮሞቲቭ ክፍል) የኤስደብልዩ ዝርያዎች አንዱ በዓይኔ ገብተዋል። ከእነዚህ የትኛው ለዘመኑም፣ ለቦታውም፣ ለዝግታ ጉዞም እንደሚስማማ የምታውቁ ብትመክሩኝ፣ በዚህች ጠባብ ቦታ እውነተኛውን የማሰለፍ ሥራ የሚያሠራ የሐዲድ አዘረጋግም ብትጠቁሙኝ ውለታችሁ ይኖርብኛል።


ሻንተር 08 (ሊድስ፣ እንግሊዝ)፦

ስለ ሞዴሉ ከእኔ የሚበልጡ አሉ። የመጀመሪያው ጥያቄዎ ግን የስዊቸርን ባሕርይ ከሥሩ የሚነካ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልዎ።

የፈረስ ጉልበት የሚለካው የኃይልንና የፍጥነትን ብዜት ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ ዝቅ ባለ መጠን፣ ያው 300 የፈረስ ጉልበት የበለጠ የመጎተት ኃይል ይሆናል። ይህ ኃይል ግን ያለ ወሰን አያድግም፤ የብረት መንኮራኩር በብረት ሐዲድ ላይ ያለው ሰበቃ ይገድበዋል። በደረቅ ሐዲድ ላይ ለስሌት አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው፣ በሚነዱት መንኮራኩሮች ላይ ያረፈው ክብደት ሩብ ነው። የቁጥር 1000 ክብደት በሜትሪክ ወደ 54 ቶን የሚጠጋ ሲሆን፣ ሁሉም አክሶች (መንኮራኩሮቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው የያዙት ብረቶች) የሚነዱ በመሆናቸው 13 ቶን ተኩል ገደማ የመጎተት ኃይል ማውጣት ይችላል። በጄኔሬተሩና በኤሌክትሪክ ሞተሮቹ የሚባክነውን ቀንሰን ብናሰላ፣ 300ው የፈረስ ጉልበት ይህን ሙሉ ኃይል ይዞ የሚዘልቀው በሰዓት እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ነው። ይህም በእግሩ የሚሄድ ሰው ፍጥነት ነው፤ ፉርጎ የሚሰለፈውም በዚሁ ፍጥነት ነው። የቆመን ፉርጎ ለማስነሣት ለእያንዳንዱ ቶን 10 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል ያስፈልጋል ብለን ብንነሣ፣ በሜዳና በቀጥታ ሐዲድ ላይ ከ1,000 ቶን በላይ ይንቀሳቀስለታል ማለት ነው። ጠባብ ኩርባና ዳገት ይህን ቁጥር በብዙ ይቀንሱታል፤ ቢሆንም ብሮንክስ ውስጥ ይሠራው ለነበረው ሥራ ከበቂ በላይ ነበር።

ተመሳሳዩን ስሌት በኢኤምዲ ኤስደብልዩ 1200 ላይ ብናደርገው ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። ክብደቱ ወደ 112 ቶን፣ የማስነሻ ኃይሉ ወደ 28 ቶን ነው፤ 1,200ው የፈረስ ጉልበት ይህን ኃይል በሰዓት እስከ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ያቆየዋል። ከዚያ ፍጥነት በታች ሌላ 1,000 የፈረስ ጉልበት ቢጨመርለት መንኮራኩሩን ከማንሸራተት ያለፈ ጥቅም አይሰጠውም። ስዊቸር ሠሪዎች ከአቅም አስቀድመው ክብደቱን፣ የክብደቱንም ሙሉ በሙሉ በሚነዱ መንኮራኩሮች ላይ ማረፍ የሚመለከቱት በዚህ ምክንያት ነው። በእንፋሎቱ ዘመን የነበሩት ስዊቸሮችም ከፊት መሪ መንኮራኩር ያልነበራቸው ለዚሁ ነበር፤ መሪ መንኮራኩር በፍጥነት ለሚሄድ ሎኮሞቲቭ መረጋጋትን ይሰጣል፣ በዝግታ ለሚሠራ ግን ክብደት ከመሻማት በቀር አይረዳም።

በዚህ ላይ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚጠቀመው ተከታታይ ጥምጥም ያለው ሞተር ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፤ ከፍተኛውን የማዞር ኃይል የሚሰጠው ገና ሳይንቀሳቀስ፣ ከቆመበት ሲነሣ ነውና። ጠላቱ ሙቀት ነው። ብዙ ኤሌክትሪክ እየሳበ በጣም ዝግ ብሎ ረጅም ጊዜ ከቆየ ጥምጥሙ ይቃጠላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለው ኃይልና ለአጭር ጊዜ ብቻ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል ተለይተው ይነገራሉ።

ዲዝል በአሜሪካ መጀመሪያ የገባው በሩቅ መንገድ ሳይሆን በማሰለፊያ ግቢዎች መሆኑም አያስገርምም። በ1923 የወጣው የኒው ዮርክ የካውፍማን ሕግ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭን ከከተማው ስላገደ፣ ኩባንያዎቹ ሌላ መላ መፈለግ ነበረባቸው። ከጭሱ በተጨማሪ የእንፋሎቱ ስዊቸር ሥራ ፈትቶ በቆመበት ሰዓት ሁሉ እሳቱ መጠበቅ፣ ውኃው መሞላት፣ አመዱ መጠረግ አለበት። ዲዝሉ ግን ሥራ ሲጠፋ ይጠፋል፣ ሲመጣ ይነሣል፤ ቀንና ሌሊት የማያቋርጥ ሥራ ላለበት ግቢ ይህ ትልቅ ቁጠባ ነበር።

እኔ በምኖርበት አገር የዚህ ዘር አለቃ ክላስ 08 ነው። ከ1952 እስከ 1962 ድረስ 996 ተሠርተዋል፤ ብዛቱ ብቻ ምን ያህል እንደታመነበት ይናገራል። 350 የፈረስ ጉልበት፣ ወደ 49 ቶን ክብደትና ወደ 16 ቶን የሚጠጋ የማስነሻ ኃይል ሲኖረው፣ ከፍተኛው ፍጥነቱ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሞተሮቹ ሁለት ብቻ ሲሆኑ ሦስቱ አክሶች በውጭ በኩል በሚታይ ዘንግ ስለተያያዙ፣ አንዱ አክስ ቢያንሸራትት ሌሎቹ ይይዙታል። ያ ዘንግ በዝግታ ሲዞር ማየት ለእኔ ከማንኛውም ፈጣን ባቡር የሚበልጥ ደስታ ነው። ከስድሳ ዓመት በኋላም በሥራ ላይ ያሉ አሉ።


ዝግታ (ፍራንክፈርት፣ ጀርመን)፦

ከሊድስ የተጻፈው ትንታኔ ለሞዴሉም መንገድ ይጠርጋል። ስዊቸርን ሞዴል አድርጎ የሚገዛ ሰው የመጀመሪያው መመዘኛው ዝግታ መሆን አለበት፤ ቀለሙና ዝርዝሩ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። በኤችኦ መጠን በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ማለት በደቂቃ 96 ሴንቲ ሜትር መሄድ ነው። ስለዚህ አንድ ሜትር ሐዲድ ለክተው ሎኮሞቲቩ ሳይንገጫገጭና ሳይቆም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሲጨርሰው ካዩ ጥሩ ጅምር ነው። በእውነት የተዋጣለት ግን በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር በሚተካከል ፍጥነት፣ በየሁለት ሰከንዱ አንድ የሐዲድ አግዳሚ እየተሻገረ መሄድ ይችላል።

ዘመኑን በተመለከተ፣ የኢኤምዲ ዝርያዎች በዓመት ይለያያሉ። ኤንደብልዩ 2 ከ1939 እስከ 1949፣ ኤስደብልዩ 7 ከ1949 እስከ 1951፣ ኤስደብልዩ 9 ከ1951 እስከ 1953 ተሠርተዋል። ኤስደብልዩ 1200 የመጣው በ1954 ስለሆነ ለ1950ዎቹ መጀመሪያ አይሆንም፤ የ1966ቱ ኤስደብልዩ 1500 ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። 1,000 የፈረስ ጉልበት ያለው የአልኮ ኤስ-2 ከ1940 እስከ 1950 ስለተሠራ ያለ ጥያቄ ይገባል። ባለ 44 ቶኑም ከ1940 እስከ 1956 ስለተሠራ እንዲሁ። የዚህ የመጨረሻው ክብደት በአጋጣሚ የተወሰነ አይደለም። በ1937 የባቡር ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ባደረጉት ስምምነት፣ በሚነዱት መንኮራኩሮቹ ላይ ያረፈው ክብደት 90,000 ፓውንድ የደረሰ ሎኮሞቲቭ ሁሉ ከነጂው ሌላ ረዳት እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። 44 የአሜሪካ ቶን 88,000 ፓውንድ ስለሆነ፣ ይህ ሎኮሞቲቭ ከወሰኑ በጥቂቱ ዝቅ ብሎ በአንድ ሰው እንዲነዳ ታስቦ የተቀረጸ ነው። በዓለም ላይ ቅርጹን የሠራተኛ ስምምነት የወሰነለት ሎኮሞቲቭ ብዙ ያለ አይመስለኝም።

ለእርስዎ መደርደሪያ የምመርጠው ኤስ-2ን ነው። ባለ 44 ቶኑ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚረዝም ለጠባብ ቦታ ቢመችም፣ ቀላል በመሆኑ አምስት ከባድ ፉርጎ ሲያያዝለት ሊቸገር ይችላል፤ በውስጡም ለድምፅ ማጉያና ለዲሲሲ መቆጣጠሪያ (በሐዲዱ በኩል የሚላክለትን ዲጂታል ትእዛዝ ተቀብሎ ሎኮሞቲቩን ለሚነዳው) የሚተርፈው ቦታ ትንሽ ነው። አትላስ የሠራው ኤስ-2 ከባድ ነው፣ በስምንቱም መንኮራኩሮች ኤሌክትሪክ ይቀበላል፣ የ46 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ኩርባም አያስቸግረውም። ልብዎ ወደ ኢኤምዲ ካደላ፣ የካቶ ኤንደብልዩ 2 በዝግታ ጉዞው የተመሰገነ ነው። የመንኮራኩር ጎማ የተገጠመለትን ሞዴል ግን ለዚህ ሥራ አይግዙ፤ ጎማው መጎተትን ቢጨምርም ኤሌክትሪክ የሚቀበሉትን መንኮራኩሮች ቁጥር ይቀንሳል፣ በስዊቸር ላይ ደግሞ ከኤሌክትሪኩ መቆራረጥ የከፋ ችግር የለም።

ይህ የመቆራረጥ ጉዳይ ዋናው ስለሆነ ላስረግጠው። አጭር ሎኮሞቲቭ በዝግታ ሲሄድ የሚሸከመው የራሱ ግስጋሴ የለውም፤ ለቅጽበት ኤሌክትሪክ ካጣ እዚያው ይቆማል። ብዙ ጊዜ የሚቆመውም በመስመር መቀየሪያው ላይ፣ ሁለቱ ሐዲዶች በሚቆራረጡበት ፍሮግ በሚባለው ክፍል ነው። ፍሮጉ ከፕላስቲክ የተሠራ መቀየሪያ አይግዙ። ከብረት የተሠራውን ወስደው፣ መቀየሪያው ሲገለበጥ የፍሮጉም ኤሌክትሪክ አብሮ እንዲገለበጥ ከሥሩ ባለ ማብሪያ ያገናኙት። ከዚያ በሎኮሞቲቩ ውስጥ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚያቆይ ካፓሲተር ያስገቡ፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ብቻ እንኳ ቢያቆየው ቆሻሻ ያለበትን ቦታ ያሻግረዋል። ሐዲዱን በአይሶፕሮፒል አልኮል በተነከረ ጨርቅ መጥረግ፣ መንኮራኩሮቹንም እንዲሁ ማጽዳት የዘወትር ሥራ ነው።

በዲሲሲ መቆጣጠሪያው ላይ ሲቪ ከሚባሉት የማስተካከያ ቁጥሮች መካከል ሲቪ 2 የመነሻውን ቮልቴጅ ይወስናል፤ በመጀመሪያው የፍጥነት እርከን ላይ ሎኮሞቲቩ ገና መንቀሳቀስ እስኪጀምር ድረስ ብቻ ከፍ ያድርጉት። ሲቪ 5ን ዝቅ ቢያደርጉት የከፍተኛው ፍጥነት ወሰን ይወርዳል፣ እርከኖቹም ሁሉ በዝግታው ክልል ውስጥ ይበተናሉ። ሲቪ 3 እና ሲቪ 4 የመፍጠንና የመቀነስ ሂደቱን ያረዝማሉ። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን ዜሮ ያደርጋቸዋል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ሎኮሞቲቩ ከኋላው ክብደት እንዳለ ሆኖ እንዲነሣና እንዲቆም፣ ነጂውም ፍሬኑን አስቀድሞ እንዲያስብ የሚያደርጉት እነርሱ ናቸውና።


የድሬ ዴፖ (ድሬዳዋ)፦

ልጄ፣ የጻፍከውን አንብቤ ደስ ብሎኛል። እኔ በዚሁ በድሬዳዋ፣ በቀድሞው የምድር ባቡር በጡረታ እስከወጣሁበት ጊዜ ድረስ የሠራሁ ነኝ። የጅቡቲው መስመር በ1902 እዚህ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ትልቁ የጥገና ጋራዥ የቀረው ድሬ ላይ ነው።

ከላይ የጻፉት ወንድሞች ስለ ሎኮሞቲቩ በሚገባ አስረድተዋል። እኔ የምጨምረው ስለ ሰዉ ነው። ፉርጎ ሲሰለፍ ሥራውን የሚመራው መሬት ላይ ቆሞ ምልክት የሚሰጠው ሠራተኛ ነው፤ ነጂው ከርሱ እጅ፣ ሌሊት ከሆነም ከርሱ ፋኖስ ዓይኑን መንቀል የለበትም። ምልክት ሰጪው ከዓይን ከተሰወረ፣ ምክንያቱን ሳይጠይቁ ወዲያው መቆም ነው። በሁለት ፉርጎ መካከል ገብቶ ማያያዝ ስንት ሰው የጎዳ ሥራ ስለሆነ፣ ይህ ሕግ በማንኛውም አገር የባቡር ግቢ የታወቀ ነው። ስዊቸሩ አጭርና ዝቅ ያለ ሽፋን፣ በሁሉም አቅጣጫ መስኮት ያለው የነጂ ክፍል፣ በጫፎቹም ላይ ሰፊ መቆሚያና መያዣ ብረት ያለው ለዚሁ ነው። በሞዴልህም ላይ ምልክት የሚሰጠውን ሰው አቁመው፤ ያለ እርሱ ግቢው ጎዶሎ ነው።

ወደፊት የአገርህን መስመር መሥራት ከፈለግህ፣ የቀድሞው ሐዲዳችን ስፋት 1 ሜትር ስለነበር፣ በ1 ለ 87 ሲሰላ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ይመጣል። ለዚህ የሚሆን የ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ በአውሮፓ ለስዊስ ባቡሮች ሞዴል ተብሎ ይሸጣል። ድሬ ስትመጣ ፈቃድ ጠይቀህ ጋራዡን ተመልከት፤ አሮጌዎቹን ሎኮሞቲቮች በዓይንህ ታያለህ፣ መጠናቸውንም ትለካለህ።


የሐዲድ ዳር (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦

ጋሼ፣ ከልብ አመሰግንዎታለሁ፤ ምልክት ሰጪው በሞዴሉ ላይ የመጀመሪያውን ቦታ ይይዛል። ሁለታችሁንም ወንድሞቼን ለጊዜአችሁ አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት ኤስ-2ን መርጫለሁ። ለጎን ማሳያ የሚሆን አንድ የእንፋሎት ስዊቸር መጨመርም አማረኝ፤ ቢ ኤንድ ኦ በ1912 ከባልድዊን አሠርቶ በባልቲሞር ወደብ ጎዳናዎች ላይ ያሰማራቸው አራቱ ሲ-16ዎች፣ ባለ አራት መንኮራኩር ሆነው ውኃቸውን በጀርባቸው የሚሸከሙት፣ ለዚህ ሰፈር የተገቡ ናቸው። አሁን የቀረኝ የሐዲዱ አዘረጋግ ነው። ፉርጎዎቹ እያንዳንዳቸው ባለ 40 ጫማ ሲሆኑ፣ ከነመጋጠሚያቸው 15 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማሉ፤ ኤስ-2ም ከዚሁ ብዙ አይርቅም።


ዝግታ (ፍራንክፈርት፣ ጀርመን)፦

ልኬቱን ስለሰጡን ጥሩ ነው። እንግሊዛዊው አለን ራይት የቀየሰውን ኢንግልኑክ የተባለውን አዘረጋግ እመክርዎታለሁ። ሁለት የመስመር መቀየሪያ፣ ሦስት የጎን መስመር ብቻ ነው ያለው። አንደኛው መስመር አምስት ፉርጎ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ሦስት ሦስት ፉርጎ ይይዛሉ፤ ሎኮሞቲቩ የሚመላለስበት መሳቢያ መስመር ደግሞ ሎኮሞቲቩንና ሦስት ፉርጎ ብቻ ይችላል። ስምንት ፉርጎ ያስቀምጡና ከስምንት ካርዶች አምስት በዕጣ ያውጡ፤ ካርዶቹ በወጡበት ቅደም ተከተል እነዚያን አምስት ፉርጎዎች በረጅሙ መስመር ላይ ማሰለፍ አለብዎት። ሊወጡ የሚችሉት ቅደም ተከተሎች 6,720 ስለሆኑ ሥራው ተደጋግሞ አይሰለችም። የመስመሮቹን ርዝመት ለማስረዘም ግን አይፈተኑ፤ ጥበቡ ያለው በልኩ ጥበት ነው።

አሜሪካዊው ጆን አለን የቀየሰው ታይምሴቨር ደግሞ አምስት መቀየሪያ አለው፤ ከሰዓት ጋር ለመወዳደር ይጥማል፣ ነገር ግን ከእውነተኛ ወደብ ይልቅ እንቆቅልሽ ስለሚመስል ለእርስዎ አሳብ አልመርጠውም።

ፉርጎዎቹን ለመፍታት ካዲ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው መጋጠሚያ ከሐዲዱ መካከል በሚቀበር ማግኔት ይሠራል። በ40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላይ ግን እጅዎ ሁሉም ቦታ ስለሚደርስ፣ የሾለ ቀጭን እንጨት በሁለቱ መጋጠሚያዎች መካከል አስገብቶ በቀስታ ማዞር ይበቃል፤ ሎኮሞቲቩ ቆሞ፣ ሰው ቀርቦ የሚፈታበትን ጊዜም ይጠብቃል።

በልኬትዎ ስናሰላ፣ መሳቢያው መስመር 62 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ መቀየሪያ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የአምስቱ ፉርጎ መስመር 77 ተኩል፣ በድምሩ 1 ሜትር ከ63 ይሆናል። ሦስት ፉርጎ የሚይዙት መስመሮች በሁለተኛው መቀየሪያ በኩል ሲያልፉ 1 ሜትር ከ55 ያህል ይወስዳሉ። ከሁለት ሜትሩ በሚተርፈው ቦታ የወደቡን ነገር ማስገባት ይችላሉ፦ አንዱን ባለ ሦስት ፉርጎ መስመር ወደ ጀልባ መጫኛ ድልድይ ይለውጡት። በእውነተኛው ሥራ ከባዱ ሎኮሞቲቭ ድልድዩን እንዳይረግጥ፣ ባዶ ጠፍጣፋ ፉርጎ በመካከል ይያያዝና እርሱ ብቻ ይሻገራል። እርስዎም አንድ ጠፍጣፋ ፉርጎ ከኤስ-2 ጋር ዘወትር አያይዘው ይሥሩ፤ ለዚህም መሳቢያውን መስመር በአንድ ፉርጎ ርዝመት አስረዝመው 77 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያድርጉት። ጠቅላላው 1 ሜትር ከ78 ስለሚሆን፣ ከመቀየሪያዎቹ አጠገብ ፉርጎዎቹ እንዳይነካኩ ለሚተው ክፍተት 22 ሴንቲ ሜትር ይተርፍዎታል።